ሮጦ ያቃጥለዋል

«ልጅ አይደል፤ ሮጦ ያቃጥለዋል!» የምትለዋ አነጋገር ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ከብስኩትና ከለስላሳ ጋር ተመርቃ የምትሸጥ ይመስለኛል። የሚያናድደኝ የሚናገራት ሰው ማንነት ነው። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተበት ከተማ፣ እዚሁ ዲግሪውን የጫነ አባት የልጁ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቺፕስ እየከተተ ይላታል። ለመሆኑ የቱ ሩጫ ነው? በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ የሚመለስ ልጅ የት ይሮጣል? ሩጫ መልካም ነው፤ ግን 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለ5 ዓመት ልጅ ሲሰላ አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ድርሻ ጨረሰችው ማለት ነው። ትርፉ ስብ ሆኖ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲከማች ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ይቆጣል፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ሰርጎ ይገባል፣ ሊያጸዱት የመጡት ነጭ የደም ሴሎች ውጠውት እዚያው ተወጥረው ይቀራሉ። ቢጫው የስብ ሰንበር የሚጀምረው እንዲህ ነው። ማቃጠሉስ እውነት ነው፤ የሚቃጠለው ግን የደም ሥሩ ነው።

«የደም ሥር በሽታ የሽማግሌ ነው» የሚል ካለ፣ አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ቦጋሉሳ በምትባል ከተማ የተደረገውን ጥናት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ውጤት ከ2 እስከ 39 ዓመት ሳሉ፣ አብዛኞቹ በአደጋ የሞቱ 204 ሰዎች አስከሬን ተመርምሯል፤ ከ15 ዓመት በታች ከነበሩት ግማሽ ያህሉ የልብ ደም ሥራቸው ላይ ሰንበሩ ተገኝቷል። ክብደታቸው፣ የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለባቸው ላይ ደግሞ ይበረታል። ሽማግሌው ላይ የታየው በልጅነቱ የተጀመረው ነው።

የመጨረሻዋ መሸሸጊያ «የእኛ ችግር ረሃብ ነው፤ ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትለዋ ናት። በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ዕድሜያቸው ከሚጠይቀው ቁመት በታች ነበሩ። ታዲያ ክርክሩ የሚዞረው በተናጋሪው ላይ ነው፤ በማኅፀንና በጨቅላነቱ ተርቦ ኋላ በፍጥነት የሚወፍር ልጅ ለልብ በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። ርካሽ ጣፋጭና የሚረጋ ዘይትም የጥጋብ ምልክት ሆነው አያውቁም፤ ድሃም ይገዛቸዋል። ከዳባትና ከደባርቅ ገብስና ባቄላ በሚወርድላት ከተማ በሶውን «የገጠር ምግብ» ብሎ ንቆ ቺፕስ የሚገዛ ሰው፣ ቢያንስ ረሃብን ምክንያት አያድርግ።