የጫጩት የጤና ወረቀት ከማስፈልፈያው ይጀምር

በገበያ ቀን የ45 ቀን ጫጩት የምትገዛ እናት ሳትጠይቅ የማታልፈው አንድ ነገር አለ፤ «ክትባት ወስደዋል?» ትላለች። ሻጩም «አዎ፣ ሁሉንም ጨርሰዋል» ይላታል። የትኛውን ክትባት፣ በስንት ቀናቸው፣ ማን እንደሰጣቸው የሚያሳይ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አይሰጣትም። በሳምንቱ የአንዱ አንገት ሲጠማዘዝ፣ ሌላው አረንጓዴ ተቅማጥ ሲጀምረው ሻጩን የምትሞግትበት ማስረጃ በእጇ የለም። አዲሶቹ ከነባሮቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ስላደሩም ቤት የነበሩት ዶሮዎች አብረው ያልቃሉ።

ይህ ጉዳት የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የ2013 ዓ.ም. ግምት መሠረት ወደ 57 ሚሊዮን ዶሮ ነበር። ከዚህ የሚበዛው የአገር ዝርያ ሲሆን ጓሮ ለጓሮ እየጫረ የሚያድር ነው። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉንም ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ ደግሞ በብዙ የገጠር ቤት በሴቷ እጅ ያለ ገንዘብ ነው። የልጅ ደብተርና እስክርቢቶ፣ ጨውና ዘይት የሚገዛው በዚያ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮንና እንቁላልን ከወተትና ከማር ጋር ዋና ሥራው አድርጎ ይዟል። ዓላማው ሊደገፍ ይገባል። ነገር ግን ጫጩት በብዛት ከማስፈልፈያ ወጥቶ ወደ መንደር በሚጫንበት ጊዜ በሽታም አብሮ የመጫን ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ የጤና ምርመራና የምስክር ወረቀት የሥርጭቱ አካል ሊሆን ይገባል። ሸክሙ መውደቅ ያለበትም አምስት ዶሮ ባላት እናት ላይ ሳይሆን ጫጩት በሚያስፈለፍለውና እያሳደገ በሚያከፋፍለው ላይ ነው።

አሜሪካኖች ይህን መንገድ የጀመሩት ችግሩ ከደረሰባቸው በኋላ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፑሎረም የተባለ በሽታ ጫጩቶቻቸውን በነጭ ተቅማጥ ይጨርስ ነበር። የበሽታው ክፉ ጠባይ ድብቅነቱ ነው። ባክቴሪያው ያለባት ዶሮ ደህና መስላ ትቆማለች፣ እንቁላል ትጥላለች፤ በሽታው ግን በእንቁላሉ ውስጥ ወደ ጫጩቱ ያልፋል፤ በማስፈልፈያው ውስጥም ከአንዱ ጫጩት ወደ ሌላው ይዛመታል። ገዢው ቤቱን ምንም ያህል ቢያጸዳ ተይዞ የመጣለትን ጫጩት አያድንም። መፍትሔው እናቶቹን መመርመር ብቻ ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ከዶሮዋ ክንፍ ሥር አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል። ቀለም የገባባቸው የሞቱ ባክቴሪያዎች ካሉበት ፈሳሽ ጋር በመስታወት ላይ ይደባለቃል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድብልቁ ከተቋጠረ ዶሮዋ ተጠርጣሪ ናት፤ ማረጋገጫው በቤተ ሙከራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ፕላን ይህን ዘዴ ይዞ የፌዴራል መንግሥትን፣ ክፍለ ግዛቶችንና አርቢዎችን አንድ ላይ አሠለፈ። ተሳትፎው በፈቃድ ነበር። ዶሮዎቹ ንጹሕ መሆናቸው የተረጋገጠለት ማስፈልፈያ ግን ጫጩቱን በልበ ሙሉነት ይሸጣል፤ ወረቀቱም ከጫጩቱ ጋር ይጓዛል። ኋላ የዶሮ ታይፎይድ፣ ማይኮፕላዝማና የወፍ ጉንፋን ተጨመሩበት። ዛሬ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ዶሮ የሚያረባ ሰውም መንጋውን አስመርምሮ ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ደም የሚወስደው የግድ ሐኪም አይደለም፤ ሠልጥኖ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ይበቃል። በዚህ ሥራ ፑሎረም ከትልልቅ የንግድ እርባታዎቻቸው ጠፍቷል።

ወረቀቱ የሚናገረው ግን ስለተመረመረው በሽታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በደቡብ ካሊፎርኒያ የጓሮ ዶሮዎች መካከል አደገኛው ፈንግል ተነሥቶ ዶሮ ከቤት ወደ ቤት በተዘዋወረ ቁጥር ተሰራጭቷል። እስኪቆም ድረስ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወፎች ተወግደዋል። ለፈንግል ደግሞ የተለመደው የደም ምርመራ ብቻውን አያዋጣም፤ የተከተበ ዶሮም በደሙ መከላከያ ስለሚይዝ ውጤቱ ያምታታል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የሚስማማው ወረቀት ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ በእንቁላል ለሚተላለፉት በሽታዎች የወላጅ ዶሮዎቹ የምርመራ ውጤት ነው። ሌላው ለፈንግልና ጉምቦሮ ለተባለው የጫጩት በሽታ የጫጩቶቹ የክትባት መዝገብ ነው።

አገሪቱ ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል፣ የጉምቦሮ፣ የታይፎይድና የፈንጣጣ ክትባት ያመርታል። ሙቀት የሚቋቋመውንና በዓይን ጠብታ የሚሰጠውን የፈንግል ክትባትም ያመርታል፤ ይህ ማቀዝቀዣ ለሌለበት ወረዳ ትልቅ ነገር ነው። ሰበታ ላይ ደግሞ ናሙና የሚመረምር ቤተ ሙከራ አለ። የጎደለው እነዚህን ከጫጩት ሥርጭቱ ጋር የሚያገናኝ ግዴታ ነው።

ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። «ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ማኅተም» የሚል ሰው ሥጋቱ እውነት ነው። ሳይመረመር የሚታተም ወረቀት ከምንም ይከፋል፤ ገዢዋን ያዘናጋታል። ስለዚህ ደም የወሰደው ባለሙያ ስምና የቤተ ሙከራው የመዝገብ ቁጥር ወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው፤ ወረዳውም በድንገት ናሙና እየወሰደ ማጣራት አለበት። የካሳ ጉዳይም አለ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት በበሽታ ምክንያት ዶሮ እንዲወገድ ሲያዝ ለባለቤቱ ይከፍላል። ካሳ በሌለበት በሽታ ያየ ሰው አይናገርም፤ ሌሊቱን ጭኖ በማግስቱ ገበያ ያወርዳል። በሽታው የሚዛመተው በዚያ ነው።

ስለ አገር ዶሮም መዘንጋት አይገባም። ከጎረቤት ዶሮ ጋር እየተቀላቀለ የሚጭር ዶሮ ለብቻው ቢመሰከርለት ትርጉም የለውም። እዚያ መለኪያው መንደሩ ነው። ክትባት ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ስለሚመጣ ጎረቤቶች በአንድ ቀን አብረው ቢያስከትቡ ብልቃጡ አይባክንም፤ በየሦስትና አራት ወሩም መደገም አለበት። ፈንግል የሚበረታው ክረምቱ ሊገባ ሲል በመሆኑ አንደኛው ዙር ከግንቦት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ግብርና ሚኒስቴር ሥራውን በመንግሥት ገንዘብ ወይም ድጋፍ ጫጩት ከሚገዛባቸው ማስፈልፈያዎች ሊጀምር ይችላል። የግዢ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ የወላጅ ዶሮዎች የምርመራ ውጤትና የክትባት መዝገብ ከጫጩቱ ጋር ካልቀረበ ርክክብ አይፈጸምም የሚል። የዚያ ወረቀት ቅጂ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ የተፈለፈሉበት ቀን፣ የተከተቡት ክትባትና የሚደወልበት ስልክ ሰፍሮበት እያንዳንዱ ገዢ እጅ ሊደርስ ይገባል።