ጉዳዩ፡- ከአገር ወጥተው ደብዛቸው ለጠፋ መንገደኞች መዝገብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

እኔ በደቡብ ወሎ በአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር የምቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። የባለጉዳይን ቃል እሰማለሁ፤ «ጉዳዩ» ከሚለው በታች አሳጥሬ አሰፍራለሁ፤ አመልካቹ ይፈርማል፣ ወይም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያሳርፋል። የወሰን ክርክር፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ለማን እንደሚጻፍም አውቃለሁ። አንድ ዓይነት ማመልከቻ ግን አለ፣ ቃሉን ጽፌ ስጨርስ ከላይ «ለ» ብዬ ቀጥሎ የማን መሥሪያ ቤት ስም እንደማሰፍር ግራ የሚገባኝ። «ልጄ በባህር ወደ ሳዑዲ ወጥቶ ድምፁ ጠፋ» የሚለው ነው። ዛሬ «ለ» ብዬ የእርስዎን መሥሪያ ቤት ጽፌአለሁ።

መንገዱን እርስዎም ያውቁታል። ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ የሚነሱት ልጆች በአፋር በኩል ጅቡቲ ይገባሉ። ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ተሳፍረው የመን ይወርዳሉ። ከዚያ ጦርነት ያለበትን አገር አቋርጠው፣ በሰሜን በሳዳ በኩል የሳዑዲን ድንበር ይሞክራሉ። ቤተሰብ ይህን ጉዞ የሚከታተለው በስልክ ነው። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ይደወላል። የመን እንደገቡ ደግሞ ሌላ ሰው ይደውላል፤ ልጁን እያስለቀሰ ድምፁን ያሰማና ብር ይጠይቃል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት ይከራያል፣ በሐዋላ ይላካል። ልጁ ይለቀቅና «ድንበር ደርሻለሁ፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ይላል። እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ ታሪካቸው እዚህ ላይ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን የጫነ ጀልባ በየመን አብያን ዳርቻ ሰጥሞ ባሕሩ አስከሬን ሲተፋ ሰንብቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች የገደሏቸው ኢትዮጵያውያን ቢያንስ በመቶዎች እንደሚቆጠሩ ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ከባሕሩና ከጥይቱ የተረፈም ጂዛን ወይም ሹመይሲ ታስሮ፣ ስልኩን ተቀምቶ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። እናትየው ግን ከእነዚህ ውስጥ የልጇ ዕጣ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ሬዲዮ በሰማች ቁጥር ሁሉም የእሷ ልጅ ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው የደቡቡ መንገድም ከዚህ አይለይም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከሉሳካ ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም የእኛው ናቸው ተባለ። ዜናው ቁጥርና ዜግነት ይዞ መጣ፣ ስም ይዞ አልመጣም። ከሆሳዕና ዙሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጁን የሸኘ አባት ከ64ቱ አንዱ የእሱ ይሁን አይሁን በምን ያውቃል?

ክቡር ሚኒስትር፣ በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አይኤስ የሚባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲያርድና ሲረሽን የቀረጸውን ምስል ሲለቅ፣ የቂርቆስ ሰፈር ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፊት ከዚያ ላይ ራሳቸው ለይተው ነው ለቅሶ የተቀመጡት። መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን መርዶውን የነገራቸው ገዳዩ ነበር።

እኔ ዘንድ ለሚመጡት ያ እንኳ የለም። እድሩ ድንኳን አይተክልም፣ ምን ብሎ ይተክላል? ክርስቲያኑ ተዝካር ሊያወጣ፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ሊያወጣ ቢያስብ ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ይነሳና «በቁሙ ልትቀብሩት ነው?» ይላል። ብዙ ጊዜ ያች እናት ናት። አባት በልቡ ቆርጧል፣ እናት አልቆረጠችም፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አይነጋገሩም። ሚስትየው ደግሞ ባልዋ ሞቷል ብላ ዒዳ አትቀመጥ፣ አለ ብላ ተስፋ አታደርግ፤ በሃያ ሁለት ዓመቷ የአማቷን ፊት እያየች ትኖራለች። ሰፈሩም ያስተውላል። አንዷ ጎረቤት ስታልፍ ድንገት «ነፍሱን ይማር» ያለች ቀን ቡና መጠራራት ቀረ።

ሕጋችን ይህን ነገር አልዘነጋም፤ ይህን ስናገር በሥራዬ የማውቀውን ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሁሉ መጥፋቱ በፍርድ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላል ይላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በቁጥር 75 ላይ የመጥፋት ውሳኔን ከሞትና ከፍቺ ጋር ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች ውስጥ አስገብቶታል። በሩ አለ ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። «መጨረሻ የተሰማው የት ነው? ማን ፈለገው? የሚመለከተው አካል ምን አለ?» ተብላ ሚስትየው ስትጠየቅ፣ ከቀበሌ የያዘችው ወረቀት ሰውየው ነዋሪ እንደነበረና አሁን በአካባቢው እንደሌለ ብቻ ይናገራል። እሱንማ ዳኛውም ያያል! ጎረቤት ምስክር ይቆጠራል፤ ምስክሩ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ነው። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት «በስሙ ማመልከቻ ቀርቦልን በእነዚህ አገሮች አጠያይቀን አላገኘነውም» የሚል አንድ ገጽ ቢኖራት ነገሩ ሌላ ነበር። እናትየውም ብትሆን የምራቷን ክስ እንደ ግድያ የምታየው ልጇን ማንም ሳይፈልገው «ጠፋ» ሊባል ስለሆነ ይመስለኛል።

የመንግሥት በር ሲጠፋ የሌላ ሰው በር ይከፈታል። ወላጆች የልጃቸውን ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ያስለጥፋሉ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ያኖራሉ። ሳምንት ሳይሞላ ይደወላል። «ልጃችሁ አለ፣ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ይህን ያህል ላኩ።» ድምፁን አሰማን ሲሉ «አሁን መናገር አይችልም» ይባላሉ። ውሸት መሆኑን ልባቸው እያወቀ የላኩ ሰዎች ቃል ጽፌአለሁ። አንድ አባት «ካልላክሁና እውነት ከሆነስ?» ነበር ያለኝ። ለፖሊስ የምጽፍለትን ደብዳቤ ግን እንዳስቀረው ነገረኝ፤ ደዋዩ ቢታሰር ያቺ የመጨረሻ መስመር ትዘጋለች ብሎ ፈራ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ደላላው አንድን ቤት ሁለት ጊዜ ይበላዋል፤ አንዴ ልጁን ሲወስድ፣ አንዴ ወሬውን ሲሸጥ።

«በሕገ ወጥ መንገድ ለወጣ ሰው ምን እናድርግ» የሚል መልስ ወላጆች ይዘውልኝ መጥተው ያውቃሉ፤ ከየትኛው ቢሮ እንደሆነ እዚህ አላነሳም። የሰው ንግድንና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ዋና ዒላማው ነጋዴውና አሻጋሪው ናቸው። ደግሞስ እናትየው ምን ሕግ ጣሰች? ሌላው መልስ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ነው። ልጇ ለጠፋባት ሴት ስለ ስደት አስከፊነት ማስተማር ምን ይባላል? አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

አቅም ውስን መሆኑን እረዳለሁ። ሰሜን የመንን የያዙት ሁቲዎች ናቸው፤ ድንበሩ ፈንጂ የተቀበረበት ነው። ሳዳ ድረስ ሰው ላኩ አልልም። የምለምነው ሥራ በአብዛኛው አዲስ አበባና ወረዳ ላይ የሚሠራ ነው። ቤተሰብ በአካባቢው ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የጠፋውን ሰው ያስመዝግብ፦ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ መንገድ ላይ ወይም ፓስፖርት ላይ የያዘውን ሌላ ስም፣ የተነሳበትን ቀን፣ መጨረሻ የደወለበትን ቦታና ቁጥር፣ አብረውት የወጡትን፣ በአካሉ ያለውን ጠባሳ፣ የጎደለ ጥርሱን። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጣቸው። መዝገቡ በመሥሪያ ቤትዎ ተጠቃሎ ለሚመለከታቸው ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ይድረስ። የሌላ ስም ነገር ቀላል አይምሰልዎ። ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ስሟን የቀየረች፣ ዕድሜዋ በወረቀት ላይ የጨመረ ልጅ ብዙ ናት፤ እናቷ በምታውቀው ስም ብትፈለግ አትገኝም።

ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ እግራችን ሥር ያለው ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ከሳዑዲ ጋር ተስማምቶ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ዜጎችን ለመመለስ ሲነሳ፣ ተመላሾቹ ቦሌ ላይ በስም ተመዝግበዋል፤ ከዚያም በኋላ በተከታታይ በረራ ሰው መጥቷል። እነዚህ ሰዎች ምስክሮች ናቸው። በኮረብታው ላይ ማን ወደቀ፣ በጀልባው ማን ቀረ፣ በእስር ክፍሉ ውስጥ ማን ታሞ ሞተ፣ የት ተቀበረ፣ እነሱ ያውቃሉ። ወደ እኔ የመጡ ተመላሾች ግን ሲገቡ ይህን የጠየቃቸው እንዳልነበረ ነው የሚነግሩኝ። ከመካከላቸው አንዱ የሦስት መንደር ልጆችን ዕጣ በልቡ ይዞ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። አባቶቹን በየገበያው ሲያይ መንገድ እየለወጠ ይሄድ ነበር። አንድ ቅጽ ላይ አምስት ጥያቄ መጨመር ስንት ብር ይፈጃል?

ሌላም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ የአሥሩንም ጣት አሻራ ይወስዳል። የውጭ አገር ፖሊስ ወይም ሆስፒታል የአንድን ስም የለሽ አስከሬን አሻራ ቢልክ፣ በሕግ በተወሰነ መንገድ ማመሳከር የሚቻልበት ጊዜ ላይ ነን። የ1963 (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቆንስላ ስምምነት በአንቀጽ 37 ላይ አንድ የውጭ አገር ዜጋ ሲሞት የሟቹ አገር ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገረው ይላል። ስም ያልታወቀን ሟች ግን የማን ብለው ይነግሩናል? አመሳካሪ መዝገብ ከእኛ በኩል ሲኖር ነው አንቀጹ የሚሠራው።

ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ኢጣሊያ ውስጥ የጠፉ ሰዎች ጉዳይ ልዩ ኮሚሽነር የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ላምፔዱዛ አጠገብ 368 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ሲያልቁ ይህ ጽሕፈት ቤት ከሚላን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሟቾቹን ከቤተሰብ መረጃ ጋር እያመሳከረ መለየት ጀመረ። ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ስደተኞች ጭና የሰጠመችውን መርከብ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ከባሕር ወለል አውጥተው፣ በውስጧ ያሉትን አንድ በአንድ መረመሩ። ሥራውን የመሩት ፕሮፌሰር ክሪስቲና ካታኔዮ ከአንድ የማሊ ልጅ ጃኬት ውስጥ ተሰፍቶ የተገኘውን የትምህርት ቤት ውጤት ካርድ ለዓለም አሳውቀዋል። ኢጣሊያ ይህን ያደረገችው ለሌላ አገር ልጆች ነው። ለንጽጽሩ የሚያስፈልገው ፎቶ፣ ጠባሳ፣ የእናት ምራቅ ግን ያለው እኛ ዘንድ ነው። አውሮፓ ዘመድ የሌላት የገጠር እናት ይህን ይዛ ሚላን አትሄድም፤ ወረዳ ድረስ ግን በእግሯ ትመጣለች።

ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት የሚሠራውን አላቃልልም፤ ራሴ ሰዎች እልክለታለሁ። ነገር ግን እሱ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የመንግሥት ቃል ሊሰጥ አይችልም፤ የሳዑዲንም ሆነ የዛምቢያን መንግሥት በኢትዮጵያ ዜጎች ስም ሊጠይቅ አይችልም። ያ የእርስዎ ሥልጣን ነው።

ስለዚህ መዝገቡ እንዲከፈት፣ ተመላሾች ስለጠፉት እንዲጠየቁ፣ ፍለጋ ተደርጎ ላልተገኘው ሰው ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ደብዳቤ እንዲሰጥ እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ። ጥያቄው ከሥልጣንዎ ውጪ ከሆነም፣ «ለ» ከሚለው ቀጥሎ የማንን ስም መጻፍ እንደሚገባኝ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት አጥሩ ሥር ባለጉዳይ ይጠብቀኛል።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ ራፖር ጸሐፊ
ደቡብ ወሎ

ግልባጭ፦
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር