ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ

በየቤታችሁ አንድ ከረጢት ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይለበስ ነገር፣ አይጣል ነገር። በመርሳ ገበያም ልብስ ሰፊዎቹ ማታ መኪናቸውን ሲከድኑ ከእግራቸው ሥር የሚጠረገው ቺትና አቡጀዲ ለአንድ ሕፃን አልጋ ይበቃል።

«ድሪቶ ልታሰፊን ነው?» የምትል እንደማትጠፋ ይገባኛል። ድሪቶ በአፋችን የድህነት ስም ሆኗልና። ይሁን እንጂ የፈረንሳይ ሴቶችም በደቡብ አገራቸው በፕሮቫንስ ጨርቅ ደራርቦ የመስፋትን ሙያ ለሙሽራ ሲያዘጋጁት ኖረዋል። መንግሥታቸው ለሐርና ለሱፍ ሸማኔዎቹ ሲል ከሕንድ የሚመጣውን አበባማ የጥጥ ጨርቅ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1686 እስከ 1759 ከልክሎ ነበር። እገዳው በተነሣ በዓመቱ ኦበርካምፕፍ የተባለው ሰው በዡይ መንደር ፋብሪካ ከፈተ፤ በኋላም በነጭ ጨርቅ ላይ በአንድ ቀለም፣ በቀይ ወይም በሰማያዊ፣ የገጠር ኑሮ በማተም ታወቀ። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ያገኛችሁትን ቀለም ሁሉ አትደባልቁ። አንድ ዓይነት አበባና ነጭ ይበቃል።

መርሳ ያነጋገርኳት አንዲት እናት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስ ቤቷን ጥላ ወጣች፤ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነበር። የቀራት ለብሳው የወጣችው የሟች እናቷ ቺት ቀሚስ ነው። ለልጇ አልጋ ልብስ ልትሰፋ ፈልጋ መቀሱን አንሥታ አስቀመጠችው። እኔም ብሆን እጄ ይፈራል። ስለዚህ ከቀሚሱ ግርጌ ብቻ እንድትቆርጥ፣ የሳሳውንም ጨርቅ በአቡጀዲ ገበር እንድትደግፈው ተስማማን።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡ፤ አዲስ አቡጀዲ ይሰበሰባል፣ ቀይ ቺትም ይለቃል። ናይለን ካለበት ለዩት፣ ካውያ አይችልም። ከተጠራጠራችሁ አንድ ክር ለኩሱ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ናይለን ቀልጦ ይድቦለቦላል። ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅንም ከስስ ቺት ጋር አታጋጥሙ፤ ስሱን ይቀደዋል።

ከካርቶን 14 በ14 ሳንቲ ሜትር ልክ አውጡና በእርሱ ቁረጡ። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 12 ይቀራል። ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 10 አድርጋችሁ አበባውንና ነጩን ስታፈራርቁ 40 ለ40 ይደርሳል፤ የሚወጣውም 96 በ120 ነው። በየመደዳው ስፌቱን ካውያ አድርጉ፤ ይህን የዘለለች በኋላ ታዝናለች።

ለመሐሉ በመርሳ ሙቀት ያረጀ ነጠላ ይበቃል፤ ደጋ የምትኖሩ ያረጀ ጋቢ አስገቡ። ሦስቱን አንጥፋችሁ ከመሐል ወደ ዳር በሰፋፊው ወስውሱ፣ ከዚያ በየመጋጠሚያው ስፉ። ዳሩን ከመሐል ቀድማችሁ ከሰፋችሁ ጨርቁ ተሸብሽቦ ይቀራል። ለጠርዙ የአሮጌ ቀሚስ ጥለት ካላችሁ ምን ትፈልጋላችሁ!

የመርሳዋ እናት ከቀሚሱ ግርጌ 6 ቁራጭ አውጥታ፣ ልጁ ፊቱን በሚያሳርፍበት በኩል ደርድራቸዋለች። የቀረው ቀሚስ ታጥቦ ሳጥን ገብቷል።