ጣሪያ የለውም ብላችሁ አታስፈራሩኝ

ሰልችቶኛል። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እንደምነዳ ያወቀ ሐበሻ ሁሉ መካሪዬ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና ላይ፣ ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ፣ ምክሩ አንድ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ እኮ የሬሳ ሣጥን ናት!» «እህቴ፣ ነፋስ ይገለብጥሻል። ከፍ ያለ መኪና ግዢና እረፊ።» መካሪዬ ይህን ብሎ ወደ ረጅሙ መኪናው ይወጣል። ከኋላ ያሉት ልጆቹ ቀበቶ አላሰሩም። እሱ ባንድ እጁ ስልክ፣ ባንድ እጁ መሪ ይዞ አውራ ጎዳናው ላይ ይገባል። ለነፍሴ ያዘነው ይሄ ሰው ነው?

ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የምታውቁትን፣ ግን ሰው ፊት ለመናገር የምታፍሩትን እኔ ልናገረው። ከፍ ብሎ መቀመጥ ደህንነት አይደለም። ከፍ ብሎ መቀመጥ ነው፤ በቃ።

መኪና መሬት የሚይዘው በግርማው አይደለም። በሒሳብ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ለክብደቱ ማዕከል ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። የአሜሪካ መንግሥት ከ2001 ሞዴሎች ጀምሮ የመገልበጥ ደረጃ መስጠት ሲጀምር መሠረቱ ይኸው ስሌት ነበር። አውቶሞቢሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ያመጣሉ። እናንተ የምትኩራሩባቸው ረጃጅሞች፣ ፒክአፖችና ቫኖች ከ1.0 እስከ 1.3። የእኔ መኪና ጣሪያዋ ተዘግቶ እንኳ ከፍታዋ 1.23 ሜትር ገደማ ነው። ወርዷ ከ1.7 ሜትር በላይ ነው። ከቁመቷ ይልቅ ወርዷ በግማሽ ሜትር የሚበልጥን ነገር ምን ይገለብጠዋል? የእናንተው ቁመት ግን 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ ሻንጣ ትቆልሉበታላችሁ። የሬሳ ሣጥኑ የቱ ነው?

ነፋሱንም ተዉት። መኪና ብቻውን ሲገለበጥ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከመንገድ ይወጣል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ጎማው ለስላሳ አፈር ውስጥ ይሰምጣል ወይም የመንገድ ጠርዝ ይመታል። ከታች ተጠልፏል፤ ከላይ ግን ጉዞውን አላቆመም። ያን ጊዜ ፍርዱን የሚሰጠው ቁመት ነው። ዝቅ ያለው ተንሸራትቶ ይቆማል፣ ረጅሙ ይደፋል።

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም፣ ይህን አልክድም። በፈረንጆቹ 1962 የወጣችው የእንግሊዟ ትራያምፍ ስፒትፋየር የኋላ ጎማዎቿ የታሠሩበት መንገድ ጉድ ነበር። ነጂው ኩርባ ላይ ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ፣ በውጭ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ወደ ሆዷ ሥር ይታጠፍና ኋላዋ ያመልጥ ነበር። የሸማቾች ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር በ1965 በመጽሐፉ ያወገዘው ቼቭሮሌት ኮርቬርም ችግሩ ተመሳሳይ ነበር። ግን ልብ በሉ! ኮርቬር ጣሪያ ያለውም ጣሪያው የሚከፈተውም ተሠርቷል፤ የተወገዘው የኋላ ጎማው አሠራር እንጂ የጣሪያው ነገር አልነበረም። ያ አሠራር ከተጣለ ስንት ዘመን ሆነው? ከ2012 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ አነስተኛ መኪና ሁሉ፣ መንሸራተት ሲጀምር ለየጎማው ለይቶ ፍሬን የሚይዝ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ግዴታው ነው። እናንተ ግን አሁንም በስፒትፋየር ዘመን ወሬ ትፈርዱብኛላችሁ።

«ብትገለበጪስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ፣ እንነጋገር። ጣሪያ ሲነሳ ቦዲው ጥንካሬ ያጣል። ስለዚህ ኢንጂነሮቹ ወለሉንና የበሩን ሥር ያጠነክራሉ፤ የፊት መስታወቱን ፍሬም ጭንቅላት እንዲጠብቅ አድርገው ይሠሩታል። መርሴዲስ በ1989 ባወጣው ኤስኤል ላይ፣ መኪናው ሊገለበጥ ሲል በ0.3 ሰከንድ ከመቀመጫው ኋላ ብድግ የሚል ብረት ገጠመ። ይህ የትናንት ታሪክ አይደለም። ወሬያችሁ ግን ገና አልሰማም።

ቁጥር ከፈለጋችሁም እነሆ። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2020 ተከፋች መኪኖችን ጣሪያ ካላቸው መንትዮቻቸው ጋር አነጻጸረ። በተነዳው ማይል ሲሰላ ተከፋቾቹ የደረሰባቸው ግጭት 6 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የነጂዎቻቸው ሞትም 11 በመቶ ያነሰ። ተቋሙ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚደፋ አይደለም ስላለ «የእኔ ይበልጣል» አልልም። «ያንቺ ይገድላል» የምትሉት እናንተ ግን ማስረጃችሁ የታል? በዚያው ጥናት ከሞቱት የተከፋች መኪና ነጂዎች 21 በመቶው ከመኪናው ተስፈንጥረው የወጡ ነበሩ። ይህ ክፉ ቁጥር ነው፤ አልሸፍነውም። ጣሪያ ባላቸውስ? 17 በመቶ! ጣሪያ አናታቸው ላይ እያለ ተስፈንጥረው ወጡ። ጣሪያ ሰውን አስሮ አይይዝም። የሚይዘው ቀበቶ ነው፤ እናንተ ከወገባችሁ ሥር ወሽቃችሁ የምትቀመጡበት ቀበቶ።

አንድ እውነተኛ ድካም አላት፤ እናንተ ግን አትጠሩትም። ክብደቷ 1,060 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት እጥፍ ከሚመዝን መኪና ጋር ብትጋጭ የምትጎዳው እሷ ናት። ታዲያ ይህ የጣሪያ ጉዳይ ነው? ሁለት እጥፍ የሚመዝነውን ማን ነው የሚነዳው? እናንተ! የምታስፈራሩኝ በራሳችሁ መኪና ነው። በእጃችሁ ያለውን አደጋ በእኔ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ «ለነፍስሽ እዘኚ» ትሉኛላችሁ።

አገር ቤት ስገባ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ተከፋች መኪና አደገኛ ነው የሚለው ያው ዘመድ፣ ለልጁ ሠርግ ተከፋች መኪና ይከራያል። ሙሽሮቹ ወንበሩ ላይ አይቀመጡም፤ ከወንበሩ ጀርባ አናት ላይ ተሰቅለው እጅ ያውለበልባሉ። ካሜራ የያዘው ልጅ ከፊት በሚሄደው መኪና መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ ይቀርጻል። አጃቢው ጥሩምባ እየነፋ ከግራ ከቀኝ ይጋፋል። እናት እልል ይላሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ እንኳ «ልጆች፣ ውረዱና ቀበቶ እሰሩ» አይልም! ሾፌሩ ለአንዲት ውሻ ፍሬን ቢይዝ ሙሽራዋ የት ነው የምታርፈው? ይህን ጠይቄ «አፍሽን በዳቦ» ተብያለሁ። ሟርተኛ ተብያለሁ። ሟርቱ የእኔ ጥያቄ ነው ወይስ የእነሱ አቀማመጥ?

ከከተማ ውጡ ደግሞ። አይሱዙ እህል ጭኖ፣ እህሉ ላይ ሰው ጭኖ ዓባይ በረሃን ይወርዳል። ከዚህ የባሰ ጣሪያ የሌለው መኪና አለ? የሚይዝ ቀበቶ የለ፣ ወንበር የለ፣ ክብደቱ ሁሉ ሰማይ ላይ። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሕዝብ መሐል ተቀምጣችሁ፣ አደገኛ የምትሉት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሁለቱም ቀበቶ ያሰሩባት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰች መኪና ነው? የጭነት ላይ ተሳፋሪው ድሃ ስለሆነ ነው ዓይናችሁ የማያየው? የኔዋ ቀይ ስለሆነች ነው የምታየው?

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ደጀ ሰላም ላይ የምታገኙኝ ሁሉ፣ ስለ መኪናዬ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የራሳችሁን የኋላ በር ክፈቱ። ልጆቹ ታስረዋል? ጎማው ጥርስ አለው? ፖርቶመጋላው ላይ ያለው ጓዝ ወርዷል? አዎ ካላችሁ ቁጭ ብዬ ምክራችሁን እሰማለሁ። ለሠርግ መኪና የምታከራዩትም፦ ሙሽሮቹ ከወንበር ጀርባ ወርደው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀበቶ ሳያስሩ ሞተር አታስነሱ። አባትየው ቢቆጣ ይቆጣ። ገንዘቡን መልሱለት።