በጀጐል ግንብ ውስጥ የዋልንበት ቀን

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ቤተ ሰባችንን ይዘን ከናዝሬት በባቡር ተነሥተን ድሬዳዋ አደርን፤ በማግሥቱም ማለዳ በመኪና ወደ ሐረር ወጣን። ሐሳባችንም ጥንታዊቱን ከተማ ተመልክተን ማታውን ለመመለስ ነበረ።

ሐረር በባሕር ዳር ያለች አይደለችም፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ከዘይላ ወደብ በግመል የሚመጣው ሸቀጥ ወደ እርስዋ ይገባ፥ የአገሩም ቡና ከእርስዋ ወደ ባሕር ይወርድ ስለ ነበረ ግብርዋ እንደ ወደብ ከተማ ነበረ። ጀጐል የሚባለውን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ሲሆኑ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ፤ ግንቡና ቤቶቹ ግን ጸንተው ቈይተው በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋቸው።

ከፈረስ መጋላ ተነሥተን፥ የልብስ ሰፊዎች መኪና ስለሚጮኽበት መኪና ግርግር በተባለው ጠባብ መንገድ ስንወርድ ሕዝቡ እጅግ ይጋፋ ነበር። እኛ በጨርቅ ዋጋ ስንከራከር የአራት ዓመት ልጃችን ከእጃችን አመለጠ። ዘወር ብንል የለም። እናቲቱ በአንድ ወገን፥ እኔም በሌላው ወገን ስንሮጥ፥ መንገዱ ሁሉ አንዱ ሌላውን ይመስላልና የገባንበትን እንኳ መለየት አቃተን።

አንድ ሰዓት ያህል ከተንከራተትን በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ እጄን ይዞ ወደ አንድ ግቢ አገባኝ። ልጁን በቀይ መደብ ላይ፥ በግድግዳው ከተሰቀለው ስፌት በታች ተቀምጦ ከአንዲት አሮጊት እጅ ዳቦ ሲበላ አገኘሁት። እርሳቸውም «የአባትህ ስም ማን ነው ብዬ ብጠይቀው አባባ ይላል፤ ቤትህስ ወዴት ነው ብለው እኛ ቤት ይላል፤ ስለዚህ ሰፊዎቹን ልኬ አስፈለግሁ። አትደንግጥ ልጄ፤ በጀጐል ውስጥ የጠፋ ልጅ ጎረቤት ቤት እንደ ገባ ነው» አሉኝ። ገንዘብ ልስጥዎ ብል ተቈጡኝ።

እኔም አፈርሁ። ልጄ ፊደል መቍጠር ጀምሯል፤ ለእንግዳም እጅ መንሣትን ያውቃል፤ የአባቱን ስም ግን የነገረው አልነበረም፤ በቤታችን አባባ ብቻ ነኝና። በማታው ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ሙሉ ስሙን እየደጋገመ እንቅልፍ ወሰደው።

ስለዚህ ሕዝብ ወደሚበዛበት ከተማ የምትሄዱ ሁሉ፥ ስንቁን ከማሰናዳታችሁ በፊት ለልጃችሁ የአባቱንና የእናቱን ስም፥ የሚኖርበትንም ከተማ አስጠኑት። የስልክ ቍጥራችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ በኪሱ ስፉለት። እንደ እኒያ እናት ያለ ሰው በየመንገዱ ይገኛል ብሎ መታመን አይገባምና።