የንባብ ዓምድ፦ ፕሮፌሰር መስፍንን ከየት እንጀምር?



ከሪችፊልድና ከመንትያዎቹ ከተሞች የጥናት ክበቦች ለዚህ ዓምድ ደጋግሞ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ከየትኛው እንጀምር? ጥያቄው ተራ ቢመስልም ተራ አይደለም። የንባብ ቅደም ተከተል የአስተሳሰብን ቅደም ተከተል ይወስናልና።

አብዛኛው አንባቢ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በ2005 ዓ.ም. የታተመውን «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ»ን ወይም በ2007 ዓ.ም. የወጣውን «አዳፍኔ»ን ያነሣል፤ ጥቂት ገጽ እንደ ሄደ የሚያስቆጣው ወይም የሚያስጨበጭበው ዐረፍተ ነገር ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ትቶ ስለ ደራሲው መከራከር ይጀምራል። በስደት ዓለም ያለው የጎራ ክፍፍል ይህንን ልማድ ያባብሰዋል። አንዱ ሳያነብ ያወግዛል፤ ሌላው ሳያነብ ያመልካል። ሁለቱም ግን አንድ ሰው ይረሳሉ፤ እሱም ገበሬው ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር ግልጽ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ የታተመው፣ ከ1958 እስከ 1977 ድረስ የኢትዮጵያን ገጠር ለረሃብ መጋለጥ የሚመረምረው ጥናት ይሁን። ለምን?

አንደኛ፣ ድርቅንና ረሃብን ለይቶ ያስተምራል። ድርቅ የተፈጥሮ ነው፤ ረሃብ ግን የሥርዓት ውጤት ነው። ፕሮፌሰሩ ገበሬውን፣ የተፈጥሮን ኃይልና የማኅበራዊ፣ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ኃይሎችን በአንድ ላይ ያያሉ። ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ ለሆነ ኑሮ ያመርታል፤ ካመረተው ላይ ከበላዩ ያሉት ይወስዱበታል፤ ዝናብ ሲቀር የሚተርፍበት ስንቅ አይኖረውም።

ሁለተኛ፣ የተማሪውን ንቅናቄ በቀጥታ ይፈትናል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ተብሎ አደባባይ ተወጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ እልቂት የዘውዱን አገዛዝ አጋለጠ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታወጀ፤ ባላባቱ ሄደ። ሆኖም መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት ከዚያ የከፋ ረሃብ አገሪቱን መታ። ባለርስቱ ከሄደ በኋላ ረሃቡ ለምን ተመለሰ? ይህንን ጥያቄ ሳይመልስ ስለ ሰፊው ሕዝብ የሚናገር ሁሉ መፈክር ከማስተጋባት አያልፍም።

ሦስተኛ፣ ደራሲው ነገሩን ከሩቅ ያዩ ሰው አልነበሩም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውን የመርማሪ ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ደርግ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በኋላ ስለ ሕግና ስለ ሰብአዊ መብት የጻፉትን በዚህ ብርሃን ማንበብ ይጠቅማል።

ከዚህ ጥናት ጎን የአማርትያ ሴንን የ1981 መጽሐፍ ማንበብ ይበጃል። ሴን ስለ ወሎ ሲጽፉ፣ በአገር ደረጃ እህሉ ያን ያህል ሳይቀንስ ሕዝቡ እህል የሚያገኝበትን አቅም በማጣቱ እንዳለቀ ያሳያሉ። ሁለቱን የሚያነጻጽር ክበብ በቂ የክርክር ርእስ ያገኛል።

«መክሸፍ» ሁለተኛ ይምጣ። ያን ጊዜ አንባቢው የሚያገኘው ዘለፋ ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ አንድ ትውልድ የጀመረውን ቀጣዩ ለምን ከባዶ ይጀምራል? በሦስተኛ ደረጃ በ1996 ዓ.ም. የታተመው «የክህደት ቁልቁለት» ይነበብ። ይህን ስናነብ በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት አንዱ መሆናቸውን፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም በሰባዎቹ ዕድሜያቸው መታሰራቸውን አንርሳ።

እንግሊዝኛው ለከበደው አማርኛው፣ አማርኛው ለከበደው እዚህ ተወልዶ ላደገ ወጣት ደግሞ እንግሊዝኛው አለ። በአንድ ክበብ ሁለቱ ቢቀመጡ አንዱ ለሌላው ያስረዳል፤ የጥናት ክበብ ጥቅሙም ይኸው ነው።

መተቸትም ግዴታ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ማርክሳዊ አልነበሩም፤ ገበሬው ተደራጅቶ ሸክሙን በራሱ እንዴት እንደሚጥል የሚሻ አንባቢ የጠበቀውን ያህል መልስ አያገኝም። ይህ ጉድለት ነው የሚል ይኑር፤ ነገር ግን አንብቦ ይበል።

ፕሮፌሰሩ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ረሃብም እንደገና የፖለቲካ መከራከሪያ ሆነ፤ አንዱ ወገን ሲቆጥር ሌላው ሲክድ ከረመ። በሁለቱም ወገን የተሰለፉ ወንድሞችና እኅቶች በአንድ ክበብ ተቀምጠው ያንን የ1984 መጽሐፍ ቢያነቡ፣ ከጎራ በፊት የሚቀድመውን ጥያቄ ያገኙታል፦ የገበሬውን ስንቅ ማን ወሰደው?