ጎጆ ለሚወጡ ተማሪዎች

ከስድስት ኪሎ ግቢ ወጥቶ ቤት ተከራይቶ መኖር ለተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዳሪነት ቀርቶ ተማሪው የወር አበል ይዞ በከተማው እንዲኖር በተደረገ ጊዜ፥ ከቀደምቶቻችን አያሌዎቹ በየሰፈሩ ክፍል ሲፈልጉ ይውሉ ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ነጠላው ተከራይ ሳይሆን፥ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጎጆ ለመውጣት ስለ ቈረጡት ሁለት ተማሪዎች ነው። የግቢው መኝታ የወንድና የሴት ተብሎ የተለየ በመሆኑ፥ አብረው ለመኖር የወሰኑ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ኪራይ ቤት ማዞራቸው አይቀርም።

ቤት ፈላጊው አስቀድሞ የሚጠይቀው የወሩን ኪራይ ነው። ጎጆውን ገና ሳይቆም የሚያናጋው ግን የመጀመሪያው ቀን ክፍያ ነው። ለምሳሌ ኪራዩ 6,000 ብር ነው እንበል። አከራዩ የስድስት ወር በቅድሚያ ቢጠይቅ 36,000 ብር ይሆናል። የደላላው፥ የፍራሹ፥ የምድጃው፥ የድስቱና የጀሪካኑ ዋጋ ገና አልተቈጠረም። ኮየ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ርካሽ ቢገኝ እንኳ የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና በመንገድ የሚያልቀው የጥናት ሰዓት በሒሳቡ መግባት አለበት። ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የመብራቱ ቆጣሪ የግል ነው ወይስ የጋራ? የግቢው በር ከቤተ መጻሕፍት ሳንመለስ ይዘጋል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ከቀብድ በፊት እንጂ ከቀብድ በኋላ አይጠየቁም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብርቱ መከታ ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። እንግዲህ ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ሕግ የሚፈቅደው 12,000 ብር እንጂ 36,000 ብር አይደለም። ይሁን እንጂ «በቃል እንስማማ፥ ጥቂት እቀንስላችኋለሁ» የተባለ ተማሪ ደስ ብሎት ይስማማል። በመጪው ዓመት ከፈተና በፊት «ልቀቁ» ሲባል ግን የሚያሳየው ወረቀት የለውም። አከራይን ሁሉ ጠላት ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ በጡረታና በአንዲት ክፍል ኪራይ የሚተዳደሩ አረጋውያን በብዛት አሉ። የተመዘገበ ውል ለእነርሱም የሚያገለግል ነው።

ከሁሉ በላይ ማሳሰብ የምንወደው ግን ውሉ በማን ስም ይጻፍ የሚለውን ነው። በልማድ የሚፈርመው ወንዱ ብቻ ነው። እርስዋ ግን በትርፍ ጊዜ አስጠንታ ያገኘችውን ብር አዋጥታለች፤ ፍራሹንም የገዛች እርስዋ ናት። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩ ዕውቅና ቢሰጥም፥ ያፈሩት ሀብት የጋራ የሚሆነው አብረው መኖራቸው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያው ድረስ መከራከሪያዋ ስሟ ያለበት ውልና ደረሰኝ ነው። ፍቅርን በወረቀት ማሰር ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን የሁለቱም ስም የሰፈረበት ውል ከሁለት አንዱ ቢያኰርፍ ሌላው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ እንዳይቆም የሚጠብቅ ነው እንላለን።

ሌላም አለ። ገንዘቡ ሲያጥር «አንዳችን ትምህርቱን ለአንድ ዓመት እናቋርጥ» ይባላል፤ ያ አንዱም አብዛኛውን ጊዜ እርስዋ ሆና ትገኛለች። አንድ ዓመት የተባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘለዓለም ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ሳያቋርጡ ሊከፍሉት የማይችሉት ቤት፥ የቱንም ያህል ቢያምር፥ የእነርሱ ቤት አይደለም። አንዱን ሴሚስተር ለየብቻ አድሮ ማጠራቀም ይሻላል።

ማኅበራችንስ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ በግቢው አካባቢ የሚከራዩ ክፍሎች ያለ ደላላ የሚታወቁበት መዝገብ ይክፈት። ሁለተኛ፥ የሕግ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው መሪነት ውልን ከመፈረሙ በፊት የሚያነቡበት ሰዓት ይመደብ። ሦስተኛ፥ ዕቁብ እንጣል፤ ጎጆ ለሚወጣ አባልም እንደ ወጉ ያለ ዕጣ የመጀመሪያው ተራ ይሰጠው። በሠርግ ቀን ብርጭቆ ይዘን ከምንሄድ የሁለት ወር ኪራይ ይዘን ብንገኝ ይበልጣል። መምህራኖቻችንም ትርፍ ክፍል ያላችሁ ወይም የሚያከራይ ጎረቤት የምታውቁ፥ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያውን መስመር እንድትጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።